ታቹን ገልብጠሽ እዪ

ቅዳሜ ጠዋት ምን አለሽ ተራ ለሚሄድ ሰው፣ ሰፈሩ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። መዶሻ ነው። አንዱ በርሜል ቀዶ ምድጃ ያወጣል፤ ጎኑ ያለው የዘይት ቆርቆሮ አቃንቶ ማንቆርቆሪያ ይሠራል፤ ወዲያ ማዶ ያረጀ የመኪና ጎማ በቢላ ተተልትሎ በረባሶ ይሆናል። ሽታው የዛገ ብረት፣ የተቃጠለ ላስቲክና የጀበና ቡና ነው። መርካቶን በጨርቁና በጫማው በኩል ብቻ የሚያውቅ ሰው እዚህ ሲደርስ፣ ዕቃ ሞቶ የሚቀበርበት ቦታ የመጣ ይመስለዋል። እኔም ብዙ ዓመት እንደዚያ ነበር የማስበው። አሁን ከወሩ ቅዳሜዎች ቢያንስ ሁለቱን እዚያ ነኝ። ሳልሄድ የቀረሁበት ሳምንት ጎዶሎ ነው።

የምፈልገው የድሮ ዕቃ ነው። ወጣቶቹ «ቪንቴጅ» ይሉታል፤ በቴሌግራም ቻናሎቻቸው ላይ ፎቶውን አሳምረው ይለጥፋሉ፣ እኔም ገብቼ አያለሁ። እኔን ግን ልቤን የሚመታው፣ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ከማዳበሪያ ውስጥ ካውያ አውጥቶ፣ አመዱን በእጅጌው ጠርጎ፣ «ይሄ እኮ የደጉ ጊዜ ነው» ሲል ነው። ካውያውን ከፍተው ከሰል የጨመሩበትን እጆች አስባለሁ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተኩሶበታል፤ የሠርግ ልብስም የለቅሶ ነጠላም ተኩሶበታል። አሁን በኪሎ ሊሸጥ ነው። እኔ ካልገዛሁት ማታ ላይ ቀልጦ ሌላ ነገር ይሆናል። ይህ «ካልገዛሁት» የሚለው ስሜት ትንሽ እንደሚያሰክር አልክድም።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ካርቶን ነው።

አባዬ አስተማሪ ነበር፤ በወጣትነቱ ከደሞዙ እየቆጠበ የዘፈን ሸክላ ይገዛ ነበር። እኔና ወንድሜ ነፍስ ስናውቅ ማጫወቻው ተበላሽቶ ጣሪያ ሥር ተቀምጧል፤ ሸክላዎቹ ግን አልጋ ሥር፣ በካርቶን ውስጥ፣ እንደ መጽሐፍ ቆመው ተደርድረዋል። ዝናብ ሲዘንብና መጫወቻ ስናጣ አውጥተን እናያቸዋለን። ጥቁር ሆነው ያብረቀርቃሉ፤ መሀላቸው ላይ ያለችው ክብ ወረቀት አንዳንዱ ላይ ቢጫ፣ አንዳንዱ ላይ ቀይ ናት። ፊደል የቆጠርኩት ከእነሱ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሲዘፍኑ ግን ሰምቻቸው አላውቅም። ዘፈኖቹን የማውቃቸው በእማዬ አፍ ነው፤ ቡና ስትቆላ ታንጎራጉራለች። አንዷን በተለይ በጣም ትወዳታለች። መሀል ላይ ስትደርስ አንዱን ስንኝ ሦስት ጊዜ ደጋግማው ነው ወደሚቀጥለው የምታልፈው። እኔም ልብስ ሳጥብ ሳላስበው እሷን እዘፍን ነበር፣ ሦስት ጊዜ እየደገምኩ። በሬዲዮ ስትመጣ ሰምቼ አላውቅም። ዘፋኙ ማን እንደሆነ እማዬን ስጠይቃት «አባትሽ ነው የሚያውቀው» ትለኛለች። አባዬ ካረፈ በኋላም መልሷ ያው ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ከቀበሌ ቤታችን ወጥተን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ስንገባ እኔ ባሕር ዳር ተማሪ ነበርኩ። ለክረምት ስመጣ ካርቶኑ የለም። ከጠርሙሶቹና ከአሮጌው ቁምሳጥን ማጠፊያ ብረቶች ጋር ቆራሌው ወስዶታል። ምንም አላልኳትም። እሷ ግን ፊቴን አይታ፣ «አንቺ፣ አፍ የሌለው ዕቃ ምን ይሠራልሻል? አራተኛ ፎቅ ድረስ ማን ይሸከመዋል?» አለች። ሁለቱም እውነት ነው። ሦስተኛም ምክንያት ሳይኖራት እንዳልቀረ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ቆራሌው ያንን ካርቶን የት አደረሰው? ይህችን ጥያቄ ይዤ ነው ምን አለሽ ተራን ያወቅኩት። «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ልጅ ማታ ላይ ያገኘውን ለተረካቢ ያስረክባል፤ ተረካቢው ብረቱን ከብረት፣ ጠርሙሱን ከጠርሙስ ይለያል፤ ከሁሉም ያልሆነው፣ ስም የሌለው ዕቃ፣ በማዳበሪያ ሆኖ እዚህ ይመጣል። ማዳበሪያዎቹ የሚፈቱት በጠዋት ነው። ስለዚህ በጠዋት ነው መገኘት።

የአባዬን ሸክላዎች አላገኘሁም። እንደማላገኛቸው በመጀመሪያው ቀን ገብቶኛል። ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው፤ ሸራ አንጥፈው የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ እሳቸውም አይወዱትም። እኔ አባባ ነው የምላቸው። የመጀመሪያ ቀን ሸራቸው ላይ ስድስት የቡና ሲኒ ነበር፤ ዳራቸው ላይ የደበዘዘ ወርቅማ መስመር አላቸው። አንዱን አንስቼ ፊት ለፊት ሳይ ሳይ፣ «ልጄ፣ እንደሱ አይታይም። ታቹን ገልብጠሽ እዪ» አሉኝ። ገለበጥኩት። በጣም ትንሽ በሆነ የላቲን ፊደል «ሜድ ኢን ጃፓን» ይላል። ከስድስቱ አራቱ እንደዚያ፤ ሁለቱ ታቻቸው ባዶ ነው፤ የጎደለውን ለመሙላት ኋላ የተጨመሩ ናቸው። «እነዚህን ሁለቱን ሳልነግርሽ ብሸጥልሽ አታውቂም ነበር» አሉ። ከዚያም ስድስቱንም በአራቱ ዋጋ ሰጡኝ። ቤት ይዤ ስሄድ ስለ ራሱ ስለ ስሙ አሰብኩ፤ «ሲኒ» ከዓረብኛ የመጣ ነው፣ «የቻይና» ማለት ነው። ስሙ የቻይና፣ ማኅተሙ የጃፓን፣ ቡናው የእኛ።

የዚያን ቀን ነው አሮጌ ዕቃ እንደሚነበብ የገባኝ። ከዚያ በፊት የማየው መልኩን ብቻ ነበር፤ ያምራል፣ አያምርም። አሁን ማንኛውንም ነገር ሳነሳ እጄ ሳላዘው ይገለብጠዋል። ደስታው ያለውም እዚያ ነው። ርካሽ ዕቃ ማግኘት ደስ ይላል፣ ግን ታክሲ ውስጥ ሳለሁ ይበርድልኛል። ያነበብኩት ዕቃ ግን ዓመት ሙሉ አይበርድልኝም።

ሳንቲም ልንገራችሁ። በጃንሆይ ጊዜ ከወጡት ሳንቲሞች ብዙዎቹ ላይ በግዕዝ ቁጥር ፲፱፻፴፮ ተጽፎባቸዋል። ሰው አንስቶ «1936 ዓ.ም. የተሠራ ነው» ይላል። እንደዚያ ላይሆን ይችላል፤ ያው ዓመተ ምሕረት ሳይቀየር ለብዙ ዓመታት ሲታተምበት ኖሯልና። ዕድሜውን ለማወቅ ሌላ ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል። ባለ 25 ሳንቲሙን፣ ስሙኒውን እንውሰድ። ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ ክብ ነው፣ ሌላው ዳሩ እንደ አበባ ጥርስ ጥርስ ያወጣ ነው። መጀመሪያ የወጣው ክቡ ነው። ስሙኒ ከመዳብ የተሠራ፣ ሽልንጉ ማለትም 50 ሳንቲሙ ግን ከብር የተሠራ ሆኖ ሳለ፣ መጠናቸው ይቀራረብ ነበር። ብልጣ ብልጦች ስሙኒውን ብር እየቀቡ በሽልንግ ዋጋ ማሳለፍ ጀመሩ። መፍትሔው የስሙኒውን ዳር መቁረጥ ሆነ፤ በጨለማ የሚዳብስ ሰው እንኳን እንዲለየው። አንድ ቀን አባባ ሸራ ላይ ከብሎኖች መሀል ክብ ስሙኒ አገኘሁ። ብር የተቀባ አልነበረም፣ መዳብ ነው፣ በእጅ ብዛት የንጉሡ ፊት ተልጧል። ቢሆንም ያዝኩት። ያ ሁሉ ማጭበርበርና ያ ሁሉ ዘዴ በአንድ ክብ ዳር ላይ አለ።

በማርትሬዛ ብር ግን ተታልያለሁ። ከሌላ ነጋዴ፣ በሌላ ሰፈር ነው የገዛሁት። በላዩ 1780 ይላል፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ አለች፣ ጀርባው ላይ ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ፤ ልቤ ቀልጦ የጠየቀኝን ከፈልኩ። አባባ መዳፋቸው ላይ አድርገው አንዴ ከፍ ዝቅ አደረጉትና መለሱልኝ። «ይሄ አንድ ወቄት አይሆንም» አሉ። ትክክለኛው ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ወርቅ አንጥረኞች ወቄትን የሚለኩት በእሱ ነበር። ዳሩም ዙሪያውን የተቀረጸ የላቲን ጽሑፍ አለው፤ የእኔው ዳር ልሙጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላም ነገር አወቅኩ፤ እውነተኛው ብር እንኳን 1780 ስላለ ብቻ በ1780 አልተሠራም። ማሪያ ቴሬዛ በዚያው ዓመት ከሞተች በኋላ፣ ብሩ በእኛ አገርና በቀይ ባሕር ዙሪያ ስለተለመደ፣ ያንኑ ዓመት እንደያዘ በየአገሩ ሲመታ ኖሯል። ሐሰተኛውን አልጣልኩትም። ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያለው፣ ክብደቱን ለመልመድ ከእውነተኛው ጎን አስቀምጬዋለሁ።

የስፌት መኪና ደግሞ በፊደሉ ይታወቃል። ሲንጀር ከሆነ፣ ከብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር ፈልጉ። በላቲኑ «ኢ» (E) የሚጀምሩ ሁለት ፊደሎች ካሉት ስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ የተሠራ ነው፤ ያ ፋብሪካ በ1885 ተከፍቶ በ1980 የተዘጋ ነው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። በድሮው ሰፈራችን በረንዳ ላይ ሲሰፉ የኖሩ አንድ ጎረቤታችን መኪናቸውን ባየሁላቸው ጊዜ «ኢ» ነበረች። የስኮትላንድ ልጅ መሆኗን ስነግራቸው እግራቸውን ከመርገጫው ላይ አንስተው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። በ40 ዓመት ውስጥ መርፌ እንጂ ሌላ ነገር ለውጠውላት አያውቁም።

እጄን የምሰበስብበት ዕቃም አለ። ብራና ሲመጣ አልነካም። አንድ ጊዜ በፌስታል ተጠቅልሎ መጥቶልኝ ያውቃል፤ ቆዳው የተበላ ትንሽ መዝሙረ ዳዊት ነበር፣ ያምራል፣ ለማየት እንኳን ዓይኔን ከለከልኩት። እንዲህ ያለው ነገር ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት እንዴት እንደወጣ የሚናገር ሰው የለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። አዋጅ ባይኖርም ግን ያ ዕቃ ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም አልተወውም። እኔ የምፈልገው ሰው ጨርሶ የተወውን ነው።

ጨርሶ የተወውን ስል ደግሞ ልቤ የሚያቅማማበት ጊዜ አለ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ለጥቂት ወራት የመጣው ዕቃ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። የነሐስ የበር እጀታ፣ ባለ መስታወት ቁምሳጥን፣ ከግድግዳ የተነቀለ የሸክላ ንጣፍ ከነሲሚንቶው። እንደዚያ ያለ ሀብት በአንድ ጊዜ አይቼ አላውቅም፤ እንደዚያ ያለ ቅዳሜም ከብዶኝ አያውቅም። አንድ የበር እጀታ ገዛሁ። ከዚህ በፊት ያንን በር ከፍቼ ገብቼ ይሆናል፣ ኬክ ልበላ ወይም ካሴት ልገዛ። እስከ ዛሬ የትም አልገጠምኩትም።

ወደ ሸክላው ልመለስ፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ፍለጋ መንገድ ላይ የተገኘ ነው።

ሸክላ የሚለው ስም የመጀመሪያዎቹ ሲወድቁ እንደ ገል ይሰባበሩ ከነበሩበት ጊዜ ጋር ይስማማል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ድምፃቸውን ያስቀረጹት በምኒልክ ዘመን እንደዚያ ባለው ላይ ነው። አባዬ ይገዛቸው የነበሩት ግን ትናንሾቹ የፕላስቲክ ሸክላዎች ናቸው፤ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ፣ በየገጻቸው አንድ አንድ ዘፈን የያዙ። እነዚህ በአገራችን የኖሩት ለአጭር ጊዜ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የተባለ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ያንን ተጋፍቶ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ፤ ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎች አወጣ። አሊ አብደላ ካይፋም ተከተለ፣ ፊሊፕስም ያሳትም ነበር። ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ ሌሊቱ ተዘጋ። አምሃ በ1967 ዓ.ም. ከአገር ወጣ። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ካሴቱ ሁሉንም ሸፈነው። አስር ዓመት እንኳን አይሞላም። እኔ በቅዳሜ ጠዋት ከማዳበሪያ ውስጥ የምፈልገው ያንን አጭር ጊዜ ነው።

ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ እነዚያን ቅጂዎች ሰብስቦ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተከታታይ ሲዲ ሲያወጣ፣ የውጭ ሰው ሸክላዎቻችንን መፈለግ ጀመረ። አሁን ነጋዴው ሁሉ የአምሃንና የካይፋን ምልክት ለይቶ ያውቃል፣ ዋጋውንም እንደዚያው። አልከፋበትም። ዋጋ ስላገኘ ነው ከእሳት የተረፈው። ግን ዋጋ የሚሰጠው ለታወቀው ዘፈን ነው፤ ታዋቂው ዘፈን ያለበት ገጽ። ጀርባው ላይ ያለውን ማንም አይጠይቅም።

ለመግዛት የምትፈልጉ ካላችሁ ትንሽ የለመድኩትን ላካፍላችሁ። ሸክላውን ዳር ዳሩን ብቻ ይዛችሁ ወደ ፀሐይ አዘንብሉት። ጭረት ታያላችሁ፤ አትደንግጡ። ጥፍራችሁን በስሱ አሳልፉበት፤ ጥፍር የማያደናቅፈው ጭረት አብዛኛውን ጊዜ በድምፁ ላይ አይሰማም። በአግድም ሲታይ የተጣመመ ከሆነ ግን ፀሐይ መትቶታል፣ ተዉት። ቤት ስትገቡ ለብ ባለ ውሃና በአንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ የመሀሏ ወረቀት ሳትነካ፣ በለስላሳ ጨርቅ በዙሪያው እጠቡት። ስታስቀምጡት አቁማችሁ እንጂ አነባብራችሁ አይሁን። አባዬ ካርቶኑ ውስጥ ያቆማቸው ለምን እንደሆነ የገባኝ አሁን ነው።

ማጫወቻውን ያገኘሁት አባባ ጋ ነው፣ ከሦስት ዓመት ፍለጋ በኋላ። ሻንጣ መሳይ ፊሊፕስ ነው፤ ክዳኑ ራሱ ድምፅ ማጉያው ነው። መርፌ የለውም፣ መዘውሩን የሚያዞረው ላስቲክም ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል። ሬዲዮ የሚጠግን ልጅ ከአሮጌ ከመነዳሪ ክብ ላስቲክ ቆርጦ ሞረደልኝ፤ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀበት፣ ሲዞር ሲያይ ከእኔ የበለጠ የተደሰተው እሱ ነው። መርፌውን ዋሽንግተን ያለችው የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ስትመጣ በሻንጣዋ፣ በካልሲ ውስጥ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ክብሪት ከምታህል ሳጥን ውስጥ ሳወጣት እጄ ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ ወዲህ በአራት ዓመት 17 ሸክላ ገዝቻለሁ። ብዙ አይደለም። ሁለቱ ተሰንጥቀዋል። ከአስራ ሰባቱ አንዷን ባለፈው ኅዳር ነው የገዛኋት፤ ፊቷ ላይ ያለው ዘፈን ሁሉም የሚያውቀው ነው፣ በሠርግ ይዘፈናል። የመሀሏ ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የሰው ስም ተጽፏል፣ ሥሩ 1966። ቤት ወስጄ ለእማዬ አሳየኋት። «ለድግስ ስንዋዋስ እንዳይጠፋ ስማችንን እንጽፍበት ነበር» አለች። «አባትሽም ይጽፍ ነበር።» ይህንን ነግራኝ አታውቅም። ከ40 ዓመት በላይ ያኖረችውን ነገር ለማውጣት የሌላ ሰው እስክሪብቶ ፈለገች።

እሁድ ከሰዓት ነው። እማዬ ረከቦቱን አቅርባ፣ ከጃፓን ሲኒዎቹ ጋር፣ ቡና እየቆላች ነው። ማጫወቻውን ሶፋው ጎን መሬት ላይ አድርጌ ያችን ሸክላ አጫወትኩ። የሠርጉ ዘፈን አለቀ። ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል፣ እማዬ መቁያውን ይዛ ለማሽተት ወደ እኔ ትመጣለች። መርፌውን አነሳሁ፤ ሸክላዋን ልመልሳት ስል እጄ እንደ ልማዱ ገለበጣት።

ከበሮው ሲጀምር አላወቅኩትም። ሳክስፎኑ ሲገባም አላወቅኩትም። ድምፁ ሲወጣ ግን መጀመሪያ ያየሁት የእማዬን እጅ ነው። መቁያው አየር ላይ ቆመ።

የእሷ ዘፈን ናት። ስሟን አልጽፋትም፤ የሁለቱ ናት።

እማዬ ቆማ ከሸክላው ጋር ማንጎራጎር ጀመረች፣ ከንፈሯን እምብዛም ሳታንቀሳቅስ። ያቺ ስንኝ ደረሰች። ዘፋኙ አንዴ ብሏት አለፈ። እማዬ አላለፈችም። ሁለተኛ አለቻት፣ ሦስተኛ አለቻት፣ እሱ ወደ ፊት ሄዷል። ከዚያ ብቻዋን መቅረቷን ስትሰማ ዝም አለች።

እኔም ዘፈኑ እንደዚያ እንደሆነ ነበር የማውቀው። ዕድሜዬን ሙሉ ሦስት ጊዜ እየደገምኩ ነው የዘፈንኩት።

«የእኛው እዚህ ጋ ይይዘው ነበር» አለች። «ጭረት ነበረበት። አባትሽ ሦስት ጊዜ እስኪል ይጠብቅና ተነስቶ በጣቱ ይገፋው ነበር።»

ቡናው ሊያር ነው፣ መቁያውን ተቀብያት እሳቱን ዘጋሁ። ሸክላው አልቆ መርፌዋ ባዶው ላይ ትሽከረከራለች፣ ሽ… ሽ… ትላለች።

«እስቲ እንደገና አስጀምሪው» አለችኝ።

አስጀመርኩት። ጉልበቷን እያመማትም ከማጫወቻው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ስንኟ ልትደርስ ስትል ሌባ ጣቷን ዘርግታ ከመርፌው ክንድ በላይ አቆመቻት፣ ሳትነካው።